ጣት የሚያውቀውን በቁጥር፦ እብጠትን በጥንካሬው የሚመረምረው አልትራሳውንድ

አክስቴ የዐቢይ ጾም መያዣ ሰሞን መጥታ ነበር። ቡናው አልቆ ጎረቤት ሁሉ ከወጣ በኋላ በሩን ገፋ አደረገችና እጄን ይዛ በግራ ጡቷ ላይ አሳረፈችው። «ጠጠር አይመስልም?» አለችኝ። ይመስላል። ከባቄላ ፍሬ ከፍ የምትል፣ ስትጫን የማትሟሽሽ ነገር ከጣቴ ስር አለች። አታምም። ስድስት ወር ሆኗታል። ለምን ሐኪም ቤት እንዳልሄደች ስጠይቃት አፍታም አልቆየች፤ «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» አለችኝ። ከዚያ እኔ ዘንድ የመጣችበትን ዋና ጉዳይ አወጣች። «ያለ መርፌ፣ ጥንካሬውን ብቻ አይቶ ክፉውን ከደጉ የሚለይ ራጅ መጥቷል ይባላል፤ እውነት ነው ልጄ?»

መሣሪያው እውነት አለ። ራጅ ሳይሆን አልትራሳውንድ ነው፤ ዘዴውም ኢላስቶግራፊ ይባላል። የሰውነት ክፍል ምን ያህል ለስላሳ ወይም ጠጣር እንደሆነ በቀለምና በቁጥር ያሳያል። ለብዙ ሴቶች የማያስፈልግ መርፌ አስቀርቷል፤ የጉበት ሕክምናንም ለውጧል። «ያለ መርፌ ይለያል» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ይህ አባባል እንዳለ ከታመነ እንደ አክስቴ ያሉ ሴቶችን ተጨማሪ ወራት ሊያስጠብቃቸው ይችላል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ጥንካሬን የበሽታ ምልክት አድርጎ መውሰድ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ጥንታዊ ከሚባሉት ዕውቀቶች አንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብፁ የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ፣ በጡት ላይ የሚወጣ እብጠትን በእጅ ዳስሶ ስለመመርመር ይናገራል። ዛሬም ጡት፣ አንገት፣ ሆድ፣ ፕሮስቴት የሚዳሰሰው በዚያው መንገድ ነው። ጣት ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ጥልቅ ቦታ አይደርስም፤ ያገኘውንም በቁጥር መናገር አይችልም። አንዱ ሐኪም «ጠንከር ያለ» ብሎ የጻፈውን ሌላው ከሦስት ወር በኋላ ከምን ጋር ያነጻጽረዋል?

ካንሰር ለምን ይጠነክራል? የሚገርመው፣ የካንሰር ሕዋስ ለብቻው ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከጤናማው ሕዋስ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። ድንጋይ የሚያስመስለው አካባቢው ነው። ዕጢው በዙሪያው ያሉትን ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት ቀስቅሶ ኮላጅን ያስመርታቸዋል። ኮላጅን ጅማትን ጅማት የሚያደርገው፣ የበሬ ቆዳ ሲደርቅ ለጠፍር የሚያበቃው ክር ነው። ክሮቹ ይበዛሉ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ይቆላለፋሉ። በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምትመራመረው ቫለሪ ዊቨርና ባልደረቦቿ ደግሞ ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ አሳይተዋል፤ የአካባቢው መጠንከር ራሱ የጡት ሕዋሳትን ወደ ካንሰር ጠባይ ይገፋፋቸዋል። እንግዲህ ጣታችን የሚያገኘው ጠጠር በአብዛኛው ሰውነት በዕጢው ዙሪያ የገነባው ካብ ነው።

ተራው አልትራሳውንድ ይህን ካብ አያየውም ማለት ይቻላል። ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን እያዳመጠ ሥዕል የሚሠራ መሣሪያ ነው። ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በጤናማና በታመመ ቦታ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ለእጅ ድንጋይ የሆነ ነገር ለማሽኑ ከአካባቢው ጋር የተመሳሰለ ግራጫ ሊሆን ይችላል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ የወሰዱት በሂውስተን፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የነበሩት ጆናታን ኦፊርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት «ኢላስቶግራፊ» የሚለውን ስም ለዘዴው ሰጡት። ሐሳባቸው ቀላል ነው። በጥጥ ትራስ ውስጥ ድንጋይ ቢኖርና ትራሱን ቢጫኑት ጥጡ ይሟሽሻል፣ ድንጋዩ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ማሽኑም ከመጫኑ በፊትና በኋላ የተመለሰውን ድምፅ አስተያይቶ የትኛው ቦታ እንደተጨመቀና የትኛው እንዳልተጨመቀ ያሰላል። በጃፓን የጹኩባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2006 ለጡት እብጠት ከ1 እስከ 5 የሚሰጥ የነጥብ መለኪያ አወጡ፤ ሙሉ በሙሉ የሚጨመቅ እብጠት 1፣ ከነአካባቢው አልነቃነቅ ያለ 5። የዚህ ዘዴ ድክመት የሚጫነው የሰው እጅ መሆኑ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ግፊት ይለያያል። ውጤቱም «ይህ ከዚያኛው ይጠነክራል» ከማለት አያልፍም።

ቁጥሩ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ያውቀዋል፤ ክሩን ባጠበቀው ቁጥር እርግብግቢቱ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። የሰው ሥጋም ወደ ጎን ሲወዛወዝ እንዲሁ ነው። በውስጡ የሚያልፈው የጎን ሞገድ በለስላሳ ቦታ ይዘገያል፣ በጠጣር ቦታ ይፈጥናል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሜትር ያህል ነው፤ ከዝግ እርምጃ እስከ መቶ ሜትር ሯጭ እንደ ማለት። ተራው ድምፅ ሊያሳየው ያልቻለው ልዩነት እዚህ ላይ ዐሥር እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ስሌቱም ምቹ ነው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል። ጥንካሬው የሚለካው ኪሎፓስካል በሚባል መለኪያ ነው፤ ሞገዱ በሰከንድ 1.5 ሜትር ከተጓዘ ጥንካሬው ወደ 7 ኪሎፓስካል ነው፤ 3 ሜትር ከሄደ 27፣ 5.2 ሜትር ከሄደ ደግሞ ወደ 80።

ሞገዱን ማን ያስነሳዋል? በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ናይቲንጌልና ባልደረቦቿ የድምፁን ጨረር ራሱን እንደ ጣት መጠቀም እንደሚቻል በሥራቸው አሳይተዋል፤ በአንድ ነጥብ ላይ የተሰበሰበ ጠንካራ ድምፅ ሥጋውን በጥቂት ማይክሮሜትር ገፋ ያደርገዋል። በፓሪስ የማቲያስ ፊንክ ቡድን ደግሞ የግፊቱን ነጥብ ከላይ ወደ ታች ከሞገዱ ፍጥነት በላይ በማስኬድ፣ ከድምፅ ፈጥኖ የሚበር አውሮፕላን ከኋላው እንደሚተወው ዓይነት ሾጣጣ ሞገድ ፈጠረ። ሞገዱ ግን በሚሊሰከንዶች ውስጥ አልፎ ይሄዳል። እሱን ለመያዝ በሰከንድ ጥቂት ዐሥር ምስል የሚያነሳው የተለመደው ማሽን አይበቃም፤ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ምስል ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራ መሣሪያ ይዞ ሱፐርሶኒክ ኢማዢን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 በኤክስ አን ፕሮቫንስ ተቋቋመ። ዛሬ ታላላቆቹ የአልትራሳውንድ አምራቾች በሙሉ በየፊናቸው የዚህን ዘዴ ዓይነት ይሸጣሉ።

በጡት ላይ ያስገኘውን ጥቅም በግልጽ ያሳየው በዌንዲ በርግ መሪነት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የአሜሪካና የአውሮፓ ሆስፒታሎች ጥናት ነው። 939 የጡት እብጠቶች ተመረመሩ፤ 289ኙ ካንሰር ሆነው ተገኙ። የቀሩት 650ዎቹ ካንሰር አልነበሩም። ተራው አልትራሳውንድ ብቻውን ከእነዚህ 650ዎቹ ውስጥ 61 በመቶውን በትክክል «ደህና» ብሎ ለየ። የጥንካሬው ቀለም ሲታከልበት ቁጥሩ ወደ 78.5 በመቶ ከፍ አለ፤ ለዚህም የተከፈለ የጎላ ዋጋ አልነበረም፣ የሚያመልጠው ካንሰር አልበዛም። ከመቶ በላይ ሴቶች ያለ ምክንያት ከመወጋት ይድኑ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልኝ እፈልጋለሁ። ጥንካሬው የታከለው በተራው ምስል ላይ ነው። ሐኪሙ በቅርጹ፣ በጠርዙ፣ በአቀማመጡ አይቶ «ጥርጣሬዬ ትንሽ ነው» ያለውን እብጠት፣ ለስላሳ ሆኖ ሲገኝ ከመርፌ ወደ ክትትል ያወርደዋል። ጠርዙ የተቦጫጨቀና የሚያስፈራ እብጠትን «ለስላሳ ነው» ብሎ ያለፈ የለም፤ ማለፍም አይገባም።

ምክንያቱም ለስላሳ ካንሰር አለ። ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚያመነጭ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን የሚይዝ የጡት ካንሰር በማሽኑ ላይ ለስላሳ ሆኖ ሊታይ ይችላል። መሃሉ የሞተና የፈሰሰ ዕጢም እንዲሁ። በተቃራኒው ጠባሳ፣ ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ደግ የጡት ዕጢ አርጅቶ ካልሲየም ሲይዝ፣ የቆየ ቁስልም ጠጣር ናቸው፤ ካንሰር ግን አይደሉም። በአንገት ላይ የሚወጣው እንቅርት ውስጥ ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ይጠነክራል፣ ፎሊኩላር የሚባለው ግን ለስላሳ ሆኖ ሊያታልል ይችላል። እንቅርት ለዘመናት በደጋችን ስለኖረ ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ንፍፊትም አለ። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለቲቢም ለካንሰርም ሲሠራበት ኖሯል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ቲቢ ነው፣ «የጡት ነቀርሳ» ካንሰር። ቃሉ ሁለቱን እንዳቀላቀላቸው ሁሉ ጥንካሬም ያቀላቅላቸዋል። በብብት ወይም በአንገት ያበጠ ንፍፊት ከካንሰር የመጣ ሲሆን ይጠነክራል፤ የቲቢ ንፍፊትም ሲቆይና ሲጠባበስ ይጠነክራል። የንፍፊት ቲቢ ብዙ በሆነበት አገር ከውጭ የመጣ የመለያ ቁጥር እንዳለ ቢወሰድ፣ በስድስት ወር መድኃኒት የሚድን ሰው በካንሰር ስም ሊንገላታ ይችላል።

የምርመራው ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን የሚመስሉ ስህተቶች ውጤቱን ይገለብጡታል። ፕሮቡን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን እጀታ፣ ጠበቅ አድርጎ መያዝ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ልማድ ነው፤ ተራው ምስል ይጠራልና። እዚህ ግን ግፊቱ ራሱ ሥጋውን ያጠነክረዋል፤ ጤናማው ቦታ እንደ ጠጣር በቀይ ቀለም ይታያል። ስለዚህ ጄሉ በዛ ተደርጎ ይቀባል፣ ፕሮቡ በጄሉ ላይ እንደ መንሳፈፍ ይላል፣ ታካሚዋ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ምስሉ እስኪረጋ ለጥቂት ሰከንድ ይጠበቃል። ሌላም አለ። በጣም ጠጣር በሆነ ካንሰር መሃል ሞገዱ ተዳክሞ ይጠፋና ማሽኑ ቀለም ሳይሰጥ ይቀራል፤ በቀይ ቀለበት የተከበበ ጥቁር ባዶ ቦታ ይታያል። ያልለመደ ዓይን ባዶውን «ምንም የለም» ብሎ ያነበዋል። የሚያስፈራው ምስል ግን እሱ ነው።

ቀለሙም በራሱ ወጥመድ ነው። በሱፐርሶኒኩ ማሽን ቀይ ጠጣር ነው፣ ሰማያዊ ለስላሳ። ጃፓን ሠራሹ የሂታቺ ማሽን ለረጅም ጊዜ የተጠቀመው በተቃራኒው ነው፤ ሰማያዊ ጠጣር፣ ቀይ ለስላሳ። አንዱ ማሽን በግዢ፣ ሌላው በእርዳታ፣ ሦስተኛው ያገለገለ ሆኖ በሚገባበት ሆስፒታል ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በምስሉ ጠርዝ ላይ ያለውን የቀለም መለኪያ ሳያይ ፍርድ የሚሰጥ ሰው መኖር የለበትም።

ታዲያ በኢትዮጵያ የት ይጥቀመን? እኔ ቅድሚያውን የምሰጠው ለጉበት ነው። እዚያ ዘዴው የሚፈልገው ዕጢውን ሳይሆን ዕጢው የሚበቅልበትን መሬት ነው። ሔፓታይተስ ቢ በአገራችን የተስፋፋ ነው፤ የሕፃናቱ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2007 ስለተጀመረ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ አልተከተበም። ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» የሚለው የዓይን ቢጫነት ሳይታይ ቫይረሱ ጉበትን ለዓመታት ያጠባብሰዋል፤ የተጠባበሰ ጉበት ይጠነክራል፣ የጉበት ካንሰርም በአብዛኛው ከዚያ ላይ ይነሳል። ቀድሞ የጥባሳውን መጠን ለማወቅ በጎን አጥንት መሃል ወፍራም መርፌ ሰዶ ሥጋ መውሰድ ነበር። ኢኮሴንስ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ፋይብሮስካን ይህን በጣም ቀነሰው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ያነሳል፤ መሣሪያው በጎድን አጥንቶቹ መሃል እንደ ጣት ኩርኩም ነካ ነካ ያደርገዋል፣ ዐሥር ትክክለኛ ልኬት ይወስዳል። ደቂቃዎች ይበቁታል። አስቀድሞ ግን ሁለት ሦስት ሰዓት ምግብ አለመብላት ግድ ነው፤ ከምግብ በኋላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚበዛ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ጤናማ ጉበት 5 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሔፓታይተስ ቢ መመሪያ ከ7 በላይ የሆነውን ሕክምና የሚያሻው ጥባሳ፣ ከ12.5 በላይ የሆነውን ሲሮሲስ፣ ማለትም የከፋ የጉበት ጥባሳ፣ ብሎታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው የሔፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ከ1,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው በዚሁ መሣሪያ እየለካ ነው። ማን መድኃኒት ይጀምር፣ ማን በክትትል ይቆይ የሚለውን ያለ መርፌ መወሰን በእኛ አቅም እንደሚቻል እዚያ ታይቷል።

የጡት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሦስተኛውና በአራተኛው ደረጃ ነው። ዕጢው ቆዳውን ይዞ፣ ብብት ደርሶ ሲመጣ ጥንካሬውን ለመለካት ማሽን አያስፈልግም። ያ የአውሮፓና የአሜሪካ ጥናት የተሠራው በአብዛኛው በትናንሽ እብጠቶች ላይ ነው፤ ጥቅሙን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መርፌው የሚመልሰው ጥያቄ «ካንሰር ነው ወይ?» የሚለውን ብቻ አይደለም። ምን ዓይነት ካንሰር ነው? ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ተቀባይ አለው ወይስ የለውም? በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተቀባዩ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህ ሴቶች ታሞክሲፈን በተባለ፣ ዋጋው ከብዙ የካንሰር መድኃኒት በጣም ያነሰ እንክብል ዕድሜያቸው ሊራዘም ይችላል። ይህን የሚናገር ቀለም የለም፤ ኪሎፓስካልም አይነግረንም። የሚናገረው ከመርፌው ጫፍ የተወሰደች ክር የምታህል ሥጋና እሷን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ፓቶሎጂስት ነው። ስለዚህ አንድ ሆስፒታል በጀቱ ለአንድ ብቻ ቢበቃው፣ ውዱን የቀለም ማሽን ከመግዛቱ በፊት ተራ አልትራሳውንድ፣ የናሙና መርፌና የፓቶሎጂ ክፍል ያሟላ እላለሁ። እነዚህ ካሉ በኋላ ኢላስቶግራፊ ቦታ አለው፤ ጡቷ ጥቅጥቅ ያለና ማሞግራም (የጡት ራጅ) የማይገልጠው ወጣት ሴት ሦስት አራት እብጠት ይዛ ስትመጣ የቱ ይወጋ፣ የቱ ይቆይ ለማለት፤ የሚወጋውም ከየትኛው ጠርዝ ይወጋ ለማለት።

መርፌ ያሰራጨዋል የሚለውን ፍርሃት ችላ ማለት አይገባም። ከምንም አልመጣም። ሰው ዓመት ሙሉ ጸበል ለጸበል፣ መድኃኒት አዋቂ ለመድኃኒት አዋቂ ሲዞር ቆይቶ ይመጣል፤ ይወጋል፤ በወራት ውስጥ ያርፋል። ቤተሰቡ ያየው መርፌውንና ሞቱን ነው፤ በመሃል ያለፈውን ዓመት አይቆጥረውም። በጡት ላይ በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን አስፋፍቶ የሴትን ዕድሜ እንደሚያሳጥር የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። ይህን ለእናቶቻችን በትዕግሥት፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ማስረዳት ያስፈልጋል። «መርፌ የማይነካው አዲስ ማሽን» እያሉ ማስተዋወቅ ፍርሃቱን ይመግበዋል።

አክስቴን ይዣት ሄድኩ። ራዲዮሎጂስቷ ወጣት ናት። «እማማ፣ ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉልኝ» አለቻት፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሳጥን ቀስ እያለች በቀለም ተሞላች። የጠጠሯ ዙሪያ ቀይ ነበር። አክስቴ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችና «ቀይ ክፉ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ቀይ ጠንካራ ነው ማለት ነው፤ ክፉ ይሁን ደግ እኔም አላውቅም። እሱን ለማወቅ መርፌ ያስፈልገናል» አለቻት። ዝም ተባለ። አክስቴ በጣቷ አንገቷ ላይ ያለውን የልጅነት ንቅሳት ረድፍ በረድፍ ዳበሰችው። «ለዚህ ስንት ጊዜ ተወግቻለሁ» አለች፤ ልብሷንም መልሳ ገለጠች።

የፓቶሎጂው ወረቀት በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ካልሲየም የያዘ አሮጌ ፋይብሮአዴኖማ ይላል፤ ካንሰር አይደለም። ጠጠሯ አሁንም እዚያው አለች። በስድስት ወሯ እንድትታይ የተጻፈላትን የቀጠሮ ካርድ አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ አገሯ ተመለሰች።